በእማማ የሺ አቆጣጠር

ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት የተዘጋው ለእኔ ተብሎ ነው። ከዚያ ብጀምር ይሻላል፤ ያን ያህል ሰው ተባብሮ በደግነት ሲያሳምመኝ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነውና።

ከሐሙሲት ወደ ደብረ ታቦር እየተመለስን ነበር። የባለቤቴ የሙሉጌታ የአጎት ልጅ ጥር ላይ ተሞሽራ፣ ከሠርጉ የሚመለሰው ሰው መኪናውን ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰውዬ ያስላል፤ ደረቅ፣ የማያቋርጥ ሳል። ጎኔ የተቀመጠው ተሳፋሪ መስኮቱን ገርበብ ሲያደርግ ከፊት አንዲት ሴት ዞር ብላ፣ "ኧረ ዝጋው ወንድሜ! ነፍሰ ጡር አለች፣ ነፋስ ይመታታል!" አለች። ወዲያው ያለው መስኮት ሁሉ ተዘጋ። እኔም ሆዴን አቅፌ "እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ። ጭምብል ያደረገ አንድም ሰው አልነበረም። ኮሮና ያኔ አልጠፋም፤ እኛ ግን ሰልችቶናል። የማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ የቆመው የእጅ መታጠቢያ በርሜል እንኳ ውኃው ደርቆ ተማሪዎች የወረቀት መጣያ አድርገውት ነበር።

መሠረት እባላለሁ፤ ሒሳብ አስተምራለሁ። ይህን የምጽፈው ሆዷ ገፍቶ ሳለ ትኩሳት ለያዛት ሴት ነው፤ ከእሷም ይልቅ አጠገቧ ተቀምጦ "ይሄማ ቀላል ነው" ለሚላት ሰው። እኔ አጠገብ የነበሩት አማቴ ናቸው። እማማ የሺ ይባላሉ፤ ከጉና ሥር ናቸው። ከሠርጉ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ የመጀመሪያ ልጄን እስክገላገል አብረውኝ ሊቆዩ፣ ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ጆንያ እግራቸው ሥር ጎልተው በዚያው ሚኒባስ ከእኛ ጋር መጡ።

ሕመሙ የጀመረኝ ከመጣን በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ቀን ነው። መጀመሪያ ቁርጥማት፣ ቀጥሎ ዓይኔን ከውስጥ የሚገፋ ራስ ምታት፣ ከዚያ ትኩሳት። እማማ የሺ ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነኩና ምርመራቸውን ጀመሩ።

"ሠርጉ ላይ ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር?"

"ትንሽ ቆሜያለሁ፣ ፎቶ ስንነሣ።"

"ከዳሱ ሙቀት ወጥተሽ?"

"አዎ እማማ።"

"በቃ፣ ምች ነው። ምነው ልጄ! ሁለት ነፍስ ይዘሽ ከሙቀት ወጥተሽ ፀሐይ ላይ ትቆሚያለሽ?"

ዳማከሴ ከጎረቤት አጥር ቀጥፈው መጡ። ለነፍሰ ጡር አይጠጣም ብለው በመዳፋቸው አሹና ጭማቂውን ግንባሬን ቀቡኝ፤ የቀረውን ቅጠል አፍንጫዬ ሥር ደቀኑት። "ሳቢው" አሉኝ። ሳብኩ። ምንም የለም። ውኃ ያሸተትኩ ያህል ነው።

"አልሸተተኝም እማማ።"

"እንዴት አይሸትሽም? ሰፈሩን አውዶት የለም እንዴ?"

እውነትም ሙሉጌታ በር ላይ ቆሞ ከቅጠሉ ሽታ ብርታት የተነሣ ያስነጥሰዋል። እማማ የሺ ቅጠሉን ራሳቸው አሸተቱት፣ እንደገና አሹት፣ እንደገና አፍንጫዬ ላይ ደፉት። አሁንም ምንም። ፊታቸው ጠቆረ። "ዳማከሴ ካልሸተታትማ የጠና ምች ነው" አሉ ለልጃቸው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ ቅጠሉ ጠዋትና ማታ ሆነ።

ይህን ሳስታውስ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። ሬዲዮው ስንት ጊዜ ነግሮናል፣ ግድግዳው ላይ ስንት ጊዜ ተለጥፏል፤ ሽታ ማጣት የኮሮና ምልክት ነው ብሎ ተማሪን ሲመክር የኖረ ሰው እኔ ነኝ። ግን ምች የሚል ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ሁሉ በሱ ሥር ነው የሚገባው። ትኩሳቱም የምቹ ነው፣ ሳሉም የምቹ ነው፣ አለመሽተቱም ምቹ ስለጠና ነው። ምች ደግሞ መርፌ አይወድም ይባላል፤ ስለዚህ ለሐኪም አይነገርም።

ሳሉ ሲብስብኝ ሙሉጌታ ግድ ብሎ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰደኝ። እናቱ ደጅ ድረስ ተከትለውን፣ "መርፌ እንዳታስወጋት! አደራ!" አሉ። መጠበቂያው ክፍል ጠባብ ነው፤ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን የሚያስለው ያስላል፣ የሚያለቅስ ሕፃን ያለቅሳል። መስኮቱ እዚያም ዝግ ነው። ደም ሰጠሁ፤ ታይፎይድ ነው ተባልኩ። በእኛ አገር ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ታይፎይድ ሳይባል ከወጣ ዕድለኛ ነው። ሽታ እንደማይሸተኝ ለጤና ባለሙያው አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ለነፍሰ ጡር ይሆናል ያለውን እንክብል ይዘን ተመለስን። እማማ የሺ መርፌ አለመወጋቴን ሰምተው ደስ አላቸው።

ኮሮና ሊሆን ይችላል የሚል ነገር ያነሣ ሰው አልነበረም ማለት ውሸት ነው። ሙሉጌታ አንድ ቀን ማታ እራት ላይ አንሥቶት ነበር። እናቱ እጃቸውን ከትሪው ላይ አነሡ። "እሷን ኮሮና ነው ካሏት ወስደው ይዘጉባታል፤ ከገባች አትወጣም። ቤታችንንም ሰው አይረግጠውም። አራስ ጠያቂ አታይም ማለት ነው። ይኼን ነው የምትፈልግ?" አሉት። ሙሉጌታ ነገሩን ትቶ ወደ እራቱ ተመለሰ። እኔም አልደገፍኩትም፤ እውነቱን ለመናገር እሳቸው ያሉት እኔም የምፈራው ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትንፋሽ ማጠር ነው። ከአልጋ ተነሥቼ ግቢው ጥግ ያለው መጸዳጃ ቤት ደርሼ ስመለስ መሐል ላይ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ሰው ሁሉ "ነፍሰ ጡር አይደለሽ፣ ያለከልክሻል" ይለኛል፤ አምናለሁ። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን በጎኔ ተኝቼ እንደ ልማዴ የልጄን እርግጫ ስጠብቅ አጣሁት። ልጄ ኃይለኛ ነበረች፤ በተለይ ከምሳ በኋላ ጎኔን ትደበድበኝ ነበር። ስኳር ያለው ሻይ ጠጣሁ፣ ተገላበጥኩ፣ በእጄ ገፋ ገፋ አደረግኩ። አንዴ ብቻ፣ ደከም ብላ፣ ተንቀሳቀሰች። ፍርሃት እንደዚያ አጥንት ውስጥ እንደሚገባ አላውቅም ነበር።

"እማማ፣ ልጄ አልራገጥ አለ" አልኳቸው።

ገብስ ይለቅሙ ነበር። ሰፌዱን አስቀመጡ። ምች አላሉም፣ ዳማከሴም አላሉም። ነጠላቸውን አደገደጉና "ተነሺ" አሉኝ። ሙሉጌታ ኔትወርክ ወደሌለበት ቀበሌ ለቀናት መስክ ወጥቶ ነበር፤ ለግብርና ቢሮ ነው የሚሠራው። እሱን ሳይጠብቁ መንገድ ላይ ወጥተው ባጃጅ በእጃቸው አስቆሙ። ፈርተው "ከገባች አትወጣም" ያሉት ሆስፒታል ራሳቸው ወሰዱኝ።

እዚያ በር ላይ ጭምብል ያደረገች ነርስ ተቀበለችን። ሁሉም ተሸፋፍነው ሰው ስለማይለያቸው ስሟን በፕላስተር ላይ ጽፋ ደረቷ ላይ ለጥፋዋለች፦ ሲስተር ሰብለ። ጣቴ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ያለች ትንሽ መሣሪያ ሰካች፤ ደም ውስጥ ያለውን አየር የምትለካ ናት። ቁጥሩን አይታ ጣቴን ለወጠች። እንደገና ለወጠች። ቁጥር የማያምን ሰው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁና ፈራሁ።

"ሽታ ይሸትሻል?"

እኔ ሳልመልስ እማማ የሺ ቀደሙኝ። "ምች ነው እንጂ ሌላ የለባትም። ዳማከሴ እንኳ አልሸተታት ብሏል።"

"እማማ" አለች ሲስተር ሰብለ በቀስታ፣ "እናቴም በዳማከሴ ነው ያሳደገችኝ። ምች የያዘው ሰው እኮ ዳማከሴ ይሸተዋል።"

እማማ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ሲስተሯ ወደኔ ዞረች። "ስንት ወርሽ ነው?"

"ስምንት—"

"ሰባት!" አሉ እማማ የሺ።

"ስምንተኛውን ይዣለሁ እማማ። የክትትል ካርዴ ላይ አለ።"

"ሰባት ነው አልኩሽ! እኔ አይደለሁ የቆጠርኩት?"

ትንፋሼ ተቆራርጦ እንኳ ቁጥር ሲሳሳት አልወድም። ደግሞ ለምን እንደሚሉት አውቃለሁ። የሰባት ወር ልጅ ያድጋል፣ የስምንት ወር አይበረክትም የሚባለውን በእኛ አገር ያልሰማ የለም። ሰባት ከስምንት ያነሰ ሆኖ ሳለ ያነሰው እንዴት ይሻላል ብዬ እናቴን በልጅነቴ ጠይቄ "ዝም በይ" ተብያለሁ። አሁን እዚህ፣ እኔ አየር አጥቼ፣ ይኼን ነገር መስማት አናደደኝ። "እማማ፣ እባክዎ ይተዉኝ" አልኳቸው። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም ነበር። ወደ ውስጥ ስወሰድ ውጭ ቀሩ፤ ለበሽታው ወደተለየው ክፍል ቤተሰብ አይገባም።

ምርመራው ኮሮና መሆኑን አረጋገጠ። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ሆድ ሲገፋ ሳንባ የሚሰፋበት ቦታ ይጠበዋል፤ ሳንባው ላይ ደግሞ ይኼ በሽታ ሲጨመር አየር ወደ ደም የሚገባበት መንገድ ይዘጋል። "ልጅሽ የሚተነፍሰው ባንቺ ነው" አለኝ። "አንቺ ሲያንስሽ እሱም ያንሰዋል።" የሆድ ውስጡን በሚያሳየው መሣሪያ ለክቶ ሠላሳ ሦስት ሳምንት ነው አለ። ኦክስጅን እየተሰጠኝ ልጄ የቻለችውን ያህል ሆዴ ውስጥ ብትቆይ ይመረጣል፤ ድንገት መውጣት ካለባት ግን ሳንባዋ እንዲጠነክር መርፌ እወጋለሁ፤ ከባሰ በኦፕራሲዮን ትወጣለች። ክትባቱን ለምን እንዳልወሰድኩ ጠየቀኝ። ለእርጉዝ አይሆንም ሲሉ ሰምቼ ነው አልኩት። "ለእርጉዝም ነው እኮ የሚሰጠው" አለ፤ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ሠላሳ ሦስቱን ሳምንት አልጋዬ ላይ ሆኜ ወደ ወር መለስኩት። በሰባትና በስምንት መካከል ነው፤ ወደ ስምንት ያደላል። ያን ሒሳብ ለምን እንደሠራሁት አላውቅም። እነዚህን ነገሮች የማላምን ሴት ነኝ እላለሁ፤ ግን ውጤቱ ስምንት ዘንድ ሲያደላ እንባዬ ወረደ።

ስለዚያ ክፍል ብዙ አልጽፍም። ቱቦው አፍንጫዬ ውስጥ ነው፣ ሲሊንደሩ ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ሁላችንም ዓይናችንን ወደ ጣሪያው እናነሣለን። ሌሊት እንቅልፍ እፈራ ነበር፤ ከተኛሁ መተንፈስ እረሳለሁ ብዬ። የሚያጽናናኝ ነገር ሲስተር ሰብለ በየጊዜው መጥታ ሆዴ ላይ የምታስቀምጠው የልብ ማዳመጫ ነው። ዱብ ዱብ ዱብ ይላል፣ ፈጠን ብሎ። እሷ ጭምብሏ ውስጥ ፈገግ ማለቷን ከዓይኗ አውቃለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ማዳመጫውን አስቀምጣ ፈገግ አላለችም። ድምፁ ቀስ ያለ ነበር። ዱብ... ዱብ። ማዳመጫውን ትታ ዶክተሩን ጠራችው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው መሮጥ ጀመረ።

ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ሆዴን ሲከፍቱ ማርያም ማርያም የሚልልኝ ሴት አጠገቤ የለም፤ ለራሴ አልኩት፣ በጭምብል ውስጥ። ከዚያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እንደ ድመት ግልገል ቀጭን ነው፣ አንዴ ብቻ ብሎ ተቋረጠ። ልጄ በጨርቅ ተጠቅልላ በአጠገቤ አለፈች። ፊቷን አላየሁም። "ሴት ናት" አለችኝ ሲስተር ሰብለ፤ ትንሽ ቆማ ደግሞ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለች። ያን ዕለት ያን ቃል የሰማሁት ከእሷ ብቻ ነው። እልል ያለ የለም።

ልጄ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ገባች። ትንፋሿን የሚያግዝ ቱቦ ተደርጎላታል፣ የሚያሞቅ ሣጥን ውስጥ ናት፣ በሽታው እሷን አልነካትም ተባልኩ። እኔ ግን እዚያ መግባት አልችልም። ጡቴን በእጄ እያለብኩ ወተቱ በጽዋ ይወሰድላት ተባለ። የመጀመሪያ ቀን ያወጣሁት የጽዋውን ሥር ብቻ ነው ያራሰው። ይኼን ልልክላት ነው ብዬ አለቀስኩ። ሲስተር ሰብለ ጽዋውን ከእጄ እንደ ወርቅ ተቀብላ "ሆዷ እኮ ይኼን ያህል ነው" አለችና አውራ ጣቷን አሳየችኝ። እስከዚያ ቀን በሕይወቴ ከሰማሁት ንግግር ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ሙሉጌታ ከመስክ የተመለሰው ያኔ ነው። ከመስኮቴ ሥር ከእናቱ ጋር ሲነጋገር ሰማሁት፤ ወይም ሲጮህ። "እማዬ፣ ምች ምች እያልሽ ልትገያቸው ነበር! ሁለቱንም!" ለእናቱ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። መልሳቸውን ለመስማት ቱቦዬን ይዤ ቀና አልኩ። ይከራከራሉ ብዬ ነበር። "እውነትህን ነው" አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። ከዚያ በኋላ እሱ እናቱን ሳያነጋግር ብዙ ቀን ቆየ። እኔም በልቤ ከእሱ ጋር ነበርኩ፤ ተናድጄባቸው ነበር፣ ይቅርም አላልኳቸውም።

ትንፋሼ ተስተካክሎ ከክፍሉ ስወጣ በቀጥታ ወደ ልጄ ሄድኩ። እጄን ታጥቤ፣ ጭምብሌን አጥብቄ። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። እማማ የሺ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም ተመርምረው ነጻ ተብለዋል። ቀሚሳቸው ደረታቸው ላይ ተከፍቶ ልጄ ራቁቷን፣ ኮፍያ ብቻ አድርጋ፣ ቆዳቸው ላይ ተለጥፋለች፤ በነጠላ አስረዋታል። ሲወለድ የደከመን ሕፃን በዚህ መንገድ እንደሚያሞቁት፣ እናት ካልቻለች ሌላ ሰው እንደሚያደርገው በኋላ ነው የተነገረኝ። አጠገባቸው ሌላ አራስ ጠይቃቸው ይመስለኛል፣ "ሰባት ወሯ ነው፣ ታድጋለች" ሲሉ ሰማሁ።

ነርሶቹ በኋላ ነገሩኝ። ያን ነገር ለሁሉም ሲሉት ነው የሰነበቱት። ለጽዳት ሠራተኛዋ፣ ለጥበቃው፣ ተረኛ ለሚሆነው ሐኪም ሁሉ፦ ሰባት ወሯ ነው። አንድ ሐኪም ካርዱን አይቶ ሊያርማቸው ሲል "የኔን ቁጥር ጻፍ" ብለውታል አሉ።

ልጄን ደረቴ ላይ አደረጉልኝ። ዶሮ ታህል ነበር፣ ሙቅ ዶሮ። አንገቷን ለማሽተት አፍንጫዬን አስጠጋሁ፤ ምንም አልሸተተኝም። የራሴ ልጅ! ያን ሰዓት ያዘንኩትን ያህል ሌላ ቀን አላዘንኩም። እማማ የሺ ሲያዩኝ ገባቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን አዞሩ።

"እማማ" አልኳቸው ትንሽ ቆይቼ፣ ንዴቴ ገና አልወጣም፣ "ለምን ሰባት ይላሉ? ለእግዜር ነው የሚዋሹት?"

ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ከሙሉጌታ በፊት አንድ ነበረኝ" አሉ። "ወንድ። እንደ እሷ ሳይደርስ መጣ። ሴቶቹ ጣታቸውን ቆጠሩና የስምንት ነው አሉ። የስምንት ነው፣ አትድከሚበት አሉኝ። በጨርቅ ጠቀለሉና ምድጃው የሌለበት ጥግ አኖሩት፤ ብርድ ነው አገራችን፣ ታውቂዋለሽ። አፉን ከፈት ከፈት ያደርጋል፣ ጡት ፈልጎ። ስጡኝ አልልም፣ እኔም ተነግሮኛል፣ የስምንት ነው። እስከ ማታ ድረስ ነበር።" ዓይናቸው የልጄ ኮፍያ ላይ ነው። "ሰባት ነው ብለው ቢሆን እሳት ያነዱለት ነበር። አይደለም?"

ንዴቴ የት እንደሄደ አላውቅም፤ ብቻ አልነበረም። እጃቸውን ያዝኩ። በሁለታችን መካከል ልጄ ታንኮራፋለች።

ቤት የገባነው ልጄ ራሷ መጥባት ከቻለች በኋላ ነው። ጠያቂ እንደፈራሁት አልመጣም። ጎረቤታችን አጥሚት በፔርሙስ ሞልታ በሩ ላይ አስቀምጣ፣ ሸሽታ ከመንገዱ ማዶ "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ብላ ትጮሃለች፤ እኔም ከበረንዳ "ማርያም ታኑርሽ!" እያልኩ እመልሳለሁ። ሁለታችንም እንደ እረኛ ስንጮህ ልጄ ትነቃለች። እስከ አሁን ያቺን ሴት ስወዳት ልክ የለኝም። እማማ የሺ በየጠዋቱ አንድ የዳማከሴ ቅጠል አሽተው አፍንጫዬ ላይ ያደርጉና "ዛሬስ?" ይሉኛል። አሁን ለምርመራ ነው፣ እንደ ሲስተር ሰብለ መሣሪያ። "የለም" ስላቸው ይወረውሩታል። አንድ ጠዋት፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነገር፣ ሸተተኝ። ጮህኩ። ሙሉጌታ ሮጦ መጣ፤ እናቱ ሲያለቅሱ አይቶ ምን ተፈጠረ ብሎ ደነገጠ። ያን ቀን ነው እናቱን ያቀፋቸው። እኔ ቀጥታ የሄድኩት ወደ ልጄ አንገት ነው፤ ወተት ወተት ትሸት ነበር።

ለምታነቡት የምለው ይህን ነው። ምችም ብትሉት ምንም፣ የሚሰማችሁን ሁሉ ለሐኪም ንገሩ፤ ይኼ ለሐኪም አይነገርም የሚባል ሕመም የለም። ልጃችሁ መራገጥ ከቀነሰ ማንንም አትጠብቁ። መኪና ውስጥ መስኮት ክፈቱ፤ ነፋስ መታችሁ ብሎ የሚጮህ ካለ ይጩህ። ልጄ አሁንም ጉንፋን በያዛት ቁጥር ጆሮዬን ደረቷ ላይ አድርጌ አድራለሁ። ሐኪሞቹ ክትትል አታቋርጪ ብለውኛል፣ አላቋረጥኩም። ፍርሃቱ ጨርሶ ይለቃል ብዬ አልዋሽም።

ሰማንያ ቀኗ ሲሞላ ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቤታችን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ሞላ፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼዋለሁ። ከጉና ሥር የመጡ አንዲት የእማማ የሺ ዘመድ ልጄን ተቀብለው አገላብጠው አዩዋት። "ትንሽዬ ናት" አሉ። "ያለ ጊዜዋ ነው አሉ የመጣች። በስንት ወሯ ነው? የስምንት ነው ሲሉ ሰምቼ..."

እማማ የሺ ገንፎ የያዘ ሳህን በእጃቸው እንዳለ መሐል ላይ ቆሙ። እኔን አዩኝ።

"በሰባት" አልኩ። "በሰባት ወሯ ነው የተወለደች።"

እማማ የሺ ሳህኑን ለዘመዳቸው አቀበሉ። "የሒሳብ አስተማሪ ናት እኮ" አሉ፣ "ቁጥር አትሳሳትም።"